ብሉቤሪ እና የእንጅባራ ቀይ አፈር



የዛሬው ንግግሬ በአካባቢያችን ገና ስላልተለመደ ፍሬ ነው። ርዕሱን የመረጥኩት ከወጣቶች ደጋግሜ በምሰማው አንድ ክርክር ምክንያት ነው። እንዲህ ይላሉ፦ «አፈራችን አሲዳማ ነው፤ ብሉቤሪ አሲዳማ አፈር ይወዳል፤ እንግዲያው ኖራ እየገዛን መሬት ከምናክም ብሉቤሪ ብንተክልበት ምን አለበት?» ክርክሩ ያምራል፤ ሁለቱ መነሻዎችም እውነት ናቸው። መደምደሚያው ግን አያስኬድም። ለምን እንደማያስኬድ ካየን በኋላ እንጅባራ ለዚህ ፍሬ የምትሆንበት ሌላ ምክንያት እንዳላት አሳያችኋለሁ፤ እሱም ከአፈሩ መኮምጠጥ ጋር ብዙም አይገናኝም።

ከአፈሩ እንነሣ። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ገደማው በአሲዳማነት እንደተጠቃ ይገመታል፤ 28 በመቶ ያህሉ ደግሞ በብርቱ። ምክንያቱን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር በላያችሁ ይወርዳል። ዝናቡ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን አጥቦ ወደ ታች ይወስዳል፤ ሃይድሮጅንና አሉሚኒየም ይቀራሉ። እህሉ ሲታጨድ ገለባው ሳይቀር ከማሳ ይወጣል፤ በየዓመቱ የሚጨመረው ዩሪያም የበኩሉን ያኮመጥጣል። ፒኤች የሚባለው መለኪያ ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየሙ ይሟሟና የሰብሉን ሥር ያደነዝዛል፤ ፎስፈረሱ ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ማዳበሪያው ለተክሉ ሳይደርስ ይቀራል። ገብሱና ስንዴው የሚቀጭጨው ለዚህ ነው። መለኪያው አንድ ቁጥር በወረደ ጊዜ አሲዱ በ10 እጥፍ እንደሚጨምርም ልብ በሉ፤ 5.5 እና 4.5 ጎረቤት አይደሉም።

የአዊ ገበሬ ይህን ዝም ብሎ አላየም። ወደ ድንችና ወደ እንግዶ ዞሯል፤ አቅም ያለው ኖራ ይበትናል። በፋግታ ለኮማ ወረዳ አንድ ዓይነተኛ ዘዴ ተፈልስፏል፦ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ከጤፍ ጋር በአንድ ማሳ ይተክላሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሣሩን ያጭዱበታል፤ ዛፉ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ቆርጠው ከሰል ያከስሉና መሬቱን መልሰው ያርሳሉ። በቅርብ ዓመታት ዛፉን በሽታ እየመታው ስለሆነ ብዙ ሰው ሌላ አማራጭ ማማተር ጀምሯል። ብሉቤሪ የሚለው ወሬ ጆሮ ያገኘውም በዚህ ሰዓት ነው።

አሁን ወደ ፍሬው። ብሉቤሪ የሰሜን አሜሪካ ቁጥቋጦ ነው። የሀገሬው ነባር ሕዝቦች ከጫካ እየለቀሙ ሲበሉት፣ እያደረቁ ለክረምት ሲያስቀምጡት ዘመናት አልፈዋል፤ በማሳ ማልማት የተቻለው ግን ገና ከመቶ ዓመት ወዲህ ነው። ስንዴና ገብስ ከሺህ ዓመታት በፊት ሲለምዱ ይህ ለምን እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ዱር ቀረ? ሰዎች ሳይሞክሩ ቀርተው አይደለም። ቁጥቋጦውን ነቅለው ወደ አትክልት ቦታቸው፣ ፍግ ወደ ጠገበው፣ ምርጥ ወደሚሉት አፈር ያመጡታል፤ ተክሉም ይሞታል። ደግመው ያመጣሉ፤ ደግሞ ይሞታል።

እንቆቅልሹን የፈታው በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ይሠራ የነበረ ፍሬድሪክ ኮቪል የሚባል የዕፅዋት ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 ሙከራ ጀመረ፤ በ1910 ውጤቱን በመጽሔት መልክ አሳተመ። ያገኘው ነገር በዘመኑ ትምህርት ዘንድ ግራ የሚያጋባ ነበር፦ ብሉቤሪን የሚገድለው የአፈሩ ልምላሜ ነው። ኖራው፣ ፍጉ፣ ለጎመንና ለበቆሎ ሲሳይ የሆነው ሁሉ ለእሱ መርዝ ነው። የሚፈልገው ቅጠል የበሰበሰበት፣ አየር የሚያስገባ፣ የኮመጠጠ አፈር ነው።

ጽሑፉን በኒው ጀርሲ የምትኖር ኤልዛቤት ዋይት የምትባል ሴት አነበበችው። አባቷ ክራንቤሪ የሚባለውን ቀይ ፍሬ በረግረግ መሬት ያለማ ነበር፤ ብሉቤሪም በዚያው አካባቢ በዱር ይበቅላል። በ1911 ለኮቪል ደብዳቤ ጻፈችና መሬትና ሠራተኛ ልስጥህ፣ እዚህ ሥራ አለችው። የዋይትን ሥራ በተለይ እወድላታለሁ፤ ከባለሙያው ዕውቀት ጋር የአካባቢውን ሰው ዕውቀት ያገጣጠመች እሷ ናት። ጫካውን የሚያውቁ ለቃሚዎችን ሰበሰበች፤ 16 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ያለበት መለኪያ ሰጠቻቸውና በቀዳዳው የማያልፍ ፍሬ ያለውን ቁጥቋጦ ላሳየኝ ሰው እከፍላለሁ አለች። ቁጥቋጦው የሚሰየመውም ባገኘው ሰው ስም ነው። ሩብ ሊክ የሚባል ሰው ያገኘው «ሩቤል» ተባለ፤ ሩቤል ዛሬም ድረስ በማሳ ይተከላል። ኮቪል እነዚህን ምርጥ ቁጥቋጦዎች እያዳቀለ ቀጠለ፤ እ.ኤ.አ. በ1916 የመጀመሪያው የማሳ ብሉቤሪ ገበያ ወጣ።

የአካባቢያችን ሰው ልብ እንዲለው የምፈልገው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ለም የሚባለው መሬት የቱ ነው? ጓሮው ነው። አመድ የሚደፋበት፣ ፍግ የሚጣልበት፣ ጌሾና ጎመን የሚያምርበት። አመድ ደግሞ ልክ እንደ ኖራ አሲድን ያጠፋል። ስለዚህ አንዲት እናት ለብሉቤሪ ችግኝ አዝና ከቤቷ አጠገብ፣ ምርጥ ያለችው ቦታ ላይ ብትተክለው በአሜሪካ የአትክልት ቦታዎች የደረሰው ነገር እንጅባራ ላይ ይደገማል። የከሰል ማክሰያው ቦታም እንዲሁ ነው፤ ከሰሉ ሲወጣ የሚቀረው አመድና ድቃቂ ለድንች ሊጠቅም ይችላል፤ ብሉቤሪ ግን እዚያ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ የቅጠሉ ጅማት ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ያ የብረት ማዕድን እጥረት ምልክት ነው፤ ብረቱ ከአፈሩ ጠፍቶ አይደለም፣ አሲዱ ስላነሰ ተክሉ ሊወስደው አቅቶት ነው።

እንዲህ ከሆነ ከጓሮው ራቅ ያለው ቀይ ማሳ ይሆነዋል ትሉኝ ይሆናል። አይሆነውም፤ ምክንያቱ ሥሩ ነው። የብዙ ተክል ሥር ጫፉ ላይ ዓይን የማያያቸው ፀጉሮች አሉት፤ ውሃና ማዕድን የሚመጥበት በእነሱ ነው። ብሉቤሪ እነዚህ ፀጉሮች የሉትም። ሥሩ እንደ ክር የቀጠነ ነው፤ አብዛኛው በላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ተጋድሞ ይኖራል። ጠንካራ ሸክላ መብሳት አይችልም፤ ውሃ ከተኛበት በቀናት ይበሰብሳል፤ ሲደርቅበትም ቶሎ ይጠወልጋል። የእኛ ቀይ አፈር ሸክላው የበዛ፣ የቅጠል ብስባሹ በዘመናት እርሻ ያለቀ ነው። ኒው ጀርሲ ላይ የኮመጠጠው አፈር ግን አሸዋማና ብስባሽ የሞላበት ነው። ሁለቱ አፈሮች በፒኤች መለኪያ አንድ ቁጥር ሊያሳዩ ይችላሉ፤ ሥሩን ብትጠይቁት ግን አንድ አይደሉም።

የሥር ፀጉሩን ጉድለት የሚሞላለት አንድ ፈንገስ አለ። በሥሩ ውስጥ ይኖራል፤ ከበሰበሰው ቅጠል ናይትሮጅን እየፈታ ለተክሉ ይሰጣል፤ ተክሉም በስኳር ይከፍለዋል። የዚህ ዓይነቱ ሽርክና የአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ መለያ ነው፤ ያ ቤተሰብ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በጮቄና በሰሜን ተራሮች ላይ የሚበቅለው አስታ የብሉቤሪ ዘመድ ነው። እሱም በኮመጠጠ የደጋ አፈር ላይ በራሱ ቅጠል ብስባሽ ውስጥ ይኖራል። የአስታው ሥር ፈንገሶች ብሉቤሪን ይረዱት እንደሆነ መመርመር ለአንድ የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ አደራ።

አመጋገቡም የተለየ ነው። ስንዴና በቆሎ ናይትሮጅንን በናይትሬት መልክ ይወዳሉ፤ ብሉቤሪ የሚጠቀመው በይበልጥ በአሞኒየም መልክ ያለውን ነው። ስለዚህ ዩሪያ ወይም አሞኒየም ሰልፌት ይሆነዋል፤ እሱም በትንሽ በትንሹ። ክሎራይድ ያለበት ማዳበሪያ ይጎዳዋል፤ ፖታሽ ሲገዛ በሰልፌት መልክ ያለው መሆን አለበት። ትኩስ ፍግ ፈጽሞ አይቀርበውም።

አሁን ወደ ሌላ ጥግ ልውሰዳችሁ፤ ወደ ፔሩ በረሃ። እስከ 2010 እ.ኤ.አ. አካባቢ ፔሩ ብሉቤሪ ላኪ አልነበረችም ማለት ይቻላል። ዛሬ ከዓለም ቀዳሚ ናት፤ በዓመት ከ200 ሺህ ቶን በላይ ትልካለች። የሚያመርቱት ዝናብ በማይጥልበት የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ነው። አፈሩ አሲዳማ አይደለም፤ ውሃው ከአንዲስ ተራሮች በቦይ ይመጣል። ታዲያ እንዴት? በየጠብታ መስኖው ቧንቧ አሲድ እየቀላቀሉ ፒኤቹን ያወርዱታል፤ ማዳበሪያውን በየቀኑ በግራም ይሰፍራሉ። ብዙዎች ደግሞ አፈሩን ጭራሽ ትተው በኮኮነት ቃጫ በተሞላ የፕላስቲክ መትከያ ውስጥ ያሳድጉታል። አሲዳማ አፈር ያላት ሀገር ሳትሆን መለኪያ የያዘችው ሀገር አሸነፈች። የመጀመሪያው ክርክር የወደቀው እዚህ ነው፦ የአፈር አሲዳማነት በዚህ ሥራ ውስጥ በጣም በርካሹ ሊሠራ የሚችለው ነገር ነው።

ለፔሩ ሌላም ነገር ረድቷታል። የጥንቱ ብሉቤሪ ብርድ ካላገኘ አያብብም፤ የሙቀት መጠኑ ከ7 ዲግሪ በታች የሆነባቸው 800 እስከ 1000 ሰዓቶች ክረምቱን ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ክረምት በምድር ወገብ አካባቢ የለም። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ራልፍ ሻርፕ የሚባል ተመራማሪ በፍሎሪዳ ዱር የሚገኘውን ዘወትር ለምለም ዘመዱን ከሰሜኑ ጋር ማዳቀል ጀመረ፤ ከዚያ ሥራ ብርድ እምብዛም የማይሹ ዝርያዎች ተወለዱ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው «ቢሎክሲ» ፔሩን ያቀና ዝርያ ነው። ዛሬ በሞሮኮ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በዚምባብዌ የሚለሙትም የዚሁ ወገን ናቸው። በጎረቤታችን ኬንያ በሙራንጋ የሚገኘው ካኩዚ ኩባንያ ከአቮካዶና ከማከዳሚያ ጎን ብሉቤሪ ያለማል። ስለዚህ በአፍሪካ ደጋ መብቀሉ ጥያቄ አይደለም።

እንግዲህ እንጅባራ ያላት ምንድን ነው? ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ቀዝቃዛ ሌሊት፣ ብዙ ውሃ። ቀዝቃዛ ሌሊት ፍሬው ቀስ ብሎ እንዲበስል፣ ጠንካራና ጣፋጭ እንዲሆን ይረዳዋል። በየእንጨት መሰንጠቂያው የሚከመረው ሰጋቱራ ሌላው ሀብት ነው፤ የፈረንጅ ጽድና የጥድ ዓይነቶች ሰጋቱራ ከበሰበሰ በኋላ ከቀዩ አፈር ጋር በብዛት ተደባልቆ ከፍ ያለ መደብ ቢሠራበት ሥሩ የሚፈልገውን አየር ያገኛል። የባሕር ዛፉን ግን ሳይበሰብስ አልመክርም፤ ሌላ ተክል የሚያጠቁ ነገሮች አሉበት። ሰጋቱራ እየበሰበሰ ሳለ ናይትሮጅኑን ስለሚሻማ ማዳበሪያውን ማስተካከልም ያስፈልጋል።

ውሃው ግን ሁለት ስለት አለው። የሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ በቀይ ሸክላ ላይ ሲተኛ ሥር ይገድላል፤ ፍሬ ሲበስል ከዘነበ ደግሞ ፍሬው ይሰነጠቃል፣ ሻጋታ ይይዘዋል። ስለዚህ ግረዛው ፍሬው ከጥቅምት በኋላ በበጋው እንዲደርስ ተደርጎ መታሰብ አለበት። ያኔም የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ አለ፤ የተከፈተ አበባ ከዜሮ በታች ሁለት ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይቃጠላል። ውርጭ ደግሞ እንደ ውሃ ወደ ዝቅታው ይወርዳል፤ የድንች ገበሬዎቻችን የትኛው ረባዳ እንደሚመታ ከማንኛውም መሣሪያ በፊት ያውቃሉ። እኔ ብሆን ቦታውን እነሱ ይምረጡልኝ ነበር።

ስለ ንብም አንድ ነገር ልበል፤ የአዊን ማር የማያውቅ የለምና። የብሉቤሪ አበባ ወደ ታች የተደፋ ትንሽ ደወል ነው። የወንዴው ዘር ያለበት ከረጢት ጫፉ ላይ ብቻ ቀዳዳ አለው፤ ዱቄቱ እንዲረግፍ መንቀጥቀጥ አለበት። በአሜሪካና በአውሮፓ ይህን የሚያደርጉት ፀጉራም ትልልቅ ንቦች ናቸው፤ አበባውን ጨብጠው ክንፋቸውን ሳያንቀሳቅሱ ሰውነታቸውን ያርገበግባሉ። እነዚያ ንቦች ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ የሉም። የእኛ የማር ንብ ማርገብገቡን አታውቅበትም፤ ግን በብዛት ስትመላለስ ሥራው ይሠራል፤ ለዚህም በማሳው ዳር ቀፎ ማኖር የግድ ነው። እንጨት እየበሱ የሚኖሩት ጥቋቁር ትልልቅ ንቦቻችን ማርገብገቡን ይችሉበታል፤ ክፋታቸው አንዳንዴ አበባውን ከጎኑ ሰንጥቀው ወለላውን ሰርቀው መሄዳቸው ነው። ቀፎና ብሉቤሪ ባሉበት ማሳ ላይ ደግሞ የፀረ ተባይ መርጨት ልማዳችን መለወጥ ይኖርበታል።

ከፍሬው ውስጥ እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ ቀለሙ ነው። ሰማያዊ ይባላል፤ ጨምቃችሁ ብታዩት ግን ጭማቂው ወይን ጠጅ እንጂ ሰማያዊ አይወጣውም። በልጣጩ ውስጥ ያለው ቀለም እንደ አጋም ያለ ጥቁር ቀይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ምሥጢሩን አሳዩ፦ ሰማያዊነቱ የሚመጣው በልጣጩ ላይ ካለው ስስ የሰም ንብርብር ነው። የሰሙ ረቂቅ ቅንጣቶች አቀማመጥ ሰማያዊውን ብርሃን መልሶ ይበትናል። ለገዢው ይህ ትርጉም አለው፤ ሰሙ የተነካ ፍሬ ጥቁር ይመስላል፣ ቶሎም ይደርቃል። ለቃሚ ፍሬውን በጣቱ ማሸት የለበትም።

ስለ ጤና ጥቅሙ ግን ከሚወራው ግማሹን ቀንሱ። 100 ግራም ብሉቤሪ 84 በመቶው ውሃ ነው፤ ቫይታሚን ሲው 10 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ያው 100 ግራም ዘይቱን ከ200 ሚሊ ግራም በላይ አለው። ለልጆቻችሁ ቫይታሚን ከሆነ የምትፈልጉት ዘይቱን ትከሉ። ብሉቤሪ የሚተከለው ለገበያ ነው።

ገበያው ደግሞ ርኅራኄ የለውም። ፍሬው ከተለቀመበት ሰዓት ጀምሮ ይሞታል፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወደ ዜሮ ዲግሪ መቅረብ አለበት፤ ከዚያ ሳይቋረጥ ቀዝቃዛ ሆኖ ገዢው እጅ መድረስ አለበት። ከእንጅባራ ባሕር ዳር 118 ኪሎ ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ። ባለፉት ዓመታት መንገዱ ለቀናት ተዘግቶ እንደሚያውቅ ለእናንተ አልነግርም። ድንች ይታገሣል፤ ብሉቤሪ አይታገሥም። ዋጋውም ቢሆን ፔሩ ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ዓለምን ስታጥለቀልቅ ይወርዳል፤ ከየካቲት ጀምሮ ሞሮኮና ስፔን ይመጣሉ። እኛ የምናልመው የበጋ ፍሬ የሚደርሰው በእነዚህ መካከል ነው፤ ያም ጠባብ በር ነው፤ ቺሊም በዚያው በር ትገባለች። ፔሩም ብትሆን እ.ኤ.አ. በ2023 የባሕሩ ሙቀት ሲጨምር ምርቷ ክፉኛ አሽቆልቁሎባታል።

ስለዚህ አንድ ቤተሰብ ድንቹን ነቅሎ ብሉቤሪ ይትከል የሚል ሰው ቢመጣባችሁ አትስሙት። ችግኙ በሦስተኛው ዓመት ገደማ እንጂ ፍሬ ተብሎ የሚቆጠር አይሰጥም፤ ሙሉ ምርቱ ከዚያም ይዘገያል። በመጀመሪያው ዓመት ያበበውን አበባ መቅጠፍ ግዴታ ነው፤ ይህን ለገበሬ ማስረዳት ራሱ ሥራ ነው።

እኔ የምመክረው ጥቂት ነው። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲና የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል አብረው በአንድ አነስተኛ ቦታ ይሞክሩት፤ ግማሹ በሰጋቱራ በተሠራ ከፍ ያለ መደብ ላይ፣ ግማሹ በፕላስቲክ መትከያ ውስጥ፣ ጥቂት ረድፍ ደግሞ እንዲያው በቀዩ አፈር ላይ። ያ የመጨረሻው ረድፍ ሲሞት ክርክሩም ያበቃል፤ ካልሞተ ደግሞ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ደስም ይለኛል። በየሳምንቱ የአፈሩ ፒኤች፣ የሌሊቱ ቅዝቃዜ፣ ያበበበት ቀን ይመዝገብ። ከዳንግላና ከጢሊሊ ገበሬዎች መጥተው ይዩት። የዳንግላ ከፍታ ዝቅ ስለሚል ውርጩ ይቀልለዋል፤ ሁለተኛው የሙከራ ቦታ እዚያ ቢሆን እወዳለሁ።

ችግኙ ከውጭ ስለሚገባ የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን የተክል ጤና ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በሻንጣ ተደብቆ የመጣ ችግኝ በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላልና ማንም አይሞክረው። ብዙዎቹ አዳዲስ ዝርያዎች የባለቤትነት መብት ያለባቸው ናቸው፤ በ2009 ዓ.ም. የወጣው የእፅዋት አዳቃዮች መብት አዋጅ ቁጥር 1068 እኛንም ይመለከታል። ለሙከራው እንደ ቢሎክሲ ያሉት የቆዩ ዝርያዎች ይበቃሉ፤ ከእነሱ ቅርንጫፍ እየቆረጡ ማባዛት ይቻላል። ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚለው፣ ለመጀመሪያው ሦስት ዓመት ከገበሬው ኪስ መሆን የለበትም። ፍሬ በማይሰጥባቸው በእነዚያ ዓመታት የሚከፍለው ተቋም ማን እንደሆነ ሳይታወቅ አንድም ችግኝ ባይገባ እመርጣለሁ።

ስለ አፈር ምርመራው አሠራር ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ፤ መለኪያውን ይዤ መጥቻለሁ፤ ከየማሳችሁ አፈር ያመጣችሁ ካላችሁ አሁን እንለካዋለን።